ለእንግዳ ብለን ያጨድነው ሸምበቆ

ይድረስ ከእናቴ ቀጥላ እናት ለሆነችኝ፣ አፍንጫዬን እየጠረገች ላሳደገችኝ ለእታለም፤

እንደምን ሰነበትሽ? በጣሙን እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት አደረገሽ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል ወይስ ቅባቱ ሠራልሽ? ትልቁ ልጅሽ ሳሉ ለቀቀው? ትንሿስ ጥፍሯን መብላት ተወች ወይስ ጨርሳው ወደ ጣቷ ገባች? አከራይሽ ሴትዮስ በር ሲንኳኳ አሁንም «ማነው ቤቴን የሚያፈርሰው» ትላለች? እኛ በፈጣሪ ቸርነት አለን። እማዬ ደህና ናት። ዓይኗ ትንሽ ደከም አለ እንጂ ጆሮዋስ የእኛን ትቶ የጎረቤትን ሹክሹክታ ይለቅማል። እኔም ደህና ነኝ፤ ማለቴ ሰውነቴ ደህና ነው። ሐሳቤን ግን ከዚህ በታች ታገኚዋለሽ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እወቂልኝ። ይህን ደብዳቤ የጻፈልኝ ሰው የለም። እጁም የእኔ፣ ብዕሩም የእኔ፣ ላቡም የእኔ ነው። እስከዛሬ የደረሰሽን ሁሉ የጻፈው ጎረቤታችን አናጢው ነበር፤ እሱ ደግሞ የእኔን ወሬ እንደ ጣውላ እየቆረጠ የራሱን ሰላምታ የሚያስረዝም ሰው ነው። የማታ ትምህርት ቤቱ መምህር «በዚህ ዕድሜ እንዲህ ፈጥኖ ማንበብ የቻለ ተማሪ አላጋጠመኝም» ብለዋል። «በዚህ ዕድሜ» ያሉትን ተይውና የቀረውን ያዢ። ሰፈሩም ስም አውጥቶልኝ «ጋዜጣው» ይለኛል። የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነብ አላልፍማ! የሱቅ ሰሌዳ፣ የሲሚንቶ ከረጢት፣ የመድኃኒት ብልቃጥ፣ ከፊቴ የሚሄድ ሰው ቲሸርት ጀርባ፣ ሁሉንም ጮክ ብዬ ነው የማነበው። እማዬ «ዝም ማለት የሚያስተምሩበትስ ክፍል የለም ወይ?» ትላለች።

የላክሽው ቃል ደርሶናል። ዝናቡ ሲያበቃ የኪራይ ቤትሽን ለቀሽ፣ ልጆቹን ይዘሽ፣ እዚህ እማዬ ቤት ልትጠቃለዪ አስበሻል። «ውሃ ዳር የቆመ ቤት እያለን የሰው ጣሪያ ሥር ምን አስቀመጠኝ» ብለሻል። እማዬ ይህን ከሰማች ወዲህ ዕድሜዋ ወደ ኋላ ሄዷል። የውስጠኛውን ክፍል በገዛ እጇ ለስና ኖራ እየቀባችው ነው፤ እኔ ልሥራው ብላት «አንተ ግድግዳውን አንብብልኝ» አለችኝ። አንቺ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቤቱን ልልቀቅ ወይስ አልልቀቅ? ቁርጡን ንገረኝ» ነው ያልሽው። እነሆ ቁርጡን ልነግርሽ ተቀምጫለሁ። በስልክ ሞክሬ ነበር። በስልክ ግን አንቺ ትስቂያለሽ፣ እኔ አስቅሻለሁ፣ ዋናው ነገር ሳይነሣ ሂሳቡ ያልቃል። ወረቀት ላይ ማምለጫ የለምና ታገሺኝ፤ ከሥሩ ልጀምር።

ሥራ ይዣለሁ። እንዲሁ ሥራ ተብሎ የሚታለፍ ሥራም አይደለም። ከእኛ በላይ ወንዙ ዳር ያለውን የነዳጅ ዴፖ ታውቂዋለሽ። አንቺ ሳለሽ የዛጉ ማጠራቀሚያዎች ጥቂት ነበሩ። ዛሬ ብዛታቸው ፀሐይ መውጫውን ጋርዶታል፤ ነዳጅ ጫኝ መርከቦችም ወንዙን ሽቅብ እየመጡ እዚያ ያራግፋሉ። እንግዲህ አንድ ክፉ ቀን ነዳጁ አምልጦ ወንዙ ላይ ቢፈስ ምን ይደረጋል የሚል ዕቅድ እየተዘጋጀ ነው። ነዳጁን የሚያግድ፣ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ረጅም መከለያ አላቸው፤ እኛ ቀዛፊዎች «ቀበቶው» እንለዋለን። ቀበቶው ግን ለወንዙ ወገብ ሁሉ አይደርስም። ስለዚህ የትኛው ዳርቻ ቀድሞ መታጠቅ እንዳለበት ከአሁኑ መታወቅ አለበት። ይህን ለማወቅ ነው እንቁራሪትና ጉርጥ የት እንደሚራቡ፣ ኤሊ እንቁላሏን የት እንደምትቀብር፣ እባብና አርጃኖ የት እንደሚውሉ እየዞሩ ካርታ ላይ የሚያሰፍሩ ባለሙያዎች የመጡት። እነዚህ ፍጥረታት ነዳጅ ሲደርስባቸው እንደ ወፍ ብድግ ብለው አይሄዱም። እንቁራሪት ጭራሽ በቆዳዋም ትተነፍሳለች አሉ፤ ነዳጅ ቀባሻት ማለት አፍንጫዋን ደፈንሽባት ማለት ነው።

ሞተር ያላት ጀልባ እንስሳቱን ስለምታስበረግግ በመቅዘፊያ የምትሄድ ጀልባ ፈለጉ። ወንዙ ላይ ቀዛፊ ሞልቶ ሳለ የመረጡት ግን እኔን ነው። ሌሎቹ ሁሉ ሞተር ስለገጠሙ ነው የሚሉ አሉ፤ ምቀኛ የት ይጠፋል። የባለሙያዎቹ አለቃ ቀጠን ያሉ፣ መነጽራቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «እሜቴ እንቁራሪት» ብሎ ሰይሟቸዋል፤ ሰምተው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ጀልባዋን ሸምበቆው ጥግ አስጠግቼ መቅዘፊያዬን አነሣለሁ። ከዚያ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔን ዝም ማሰኘት የሚችል መንግሥት የለም ትይ ነበር፤ ይኸው እንቁራሪት ቻለች። እሜቴ ጆሯቸውን ዘንበል አድርገው የሰሙትን ይጽፋሉ። በቀን ደግሞ አሸዋው ላይ የኤሊ ዱካ፣ ቁጥቋጦው ሥር እባብ አውልቆ የጣለውን ቆዳ እንፈልጋለን። እኔም ሙያው ውስጥ ገባሁበት። አንድ ምሽት የምትጮህ እንቁራሪት ሰምቼ «ይቺ ባሏን እየተቆጣች ነው» ብላቸው፣ «የሚጮኸው ወንዱ ብቻ ነው» አሉኝ። «እሜቴ፣ እኛ ሰፈር ቢመጡ ሐሳብዎን ይለውጣሉ» ብዬ ጀልባዋ እስክትወዛወዝ አሳቅኳቸው።

ብዙ ፍጥረት የተገኘበት ዳርቻ ካርታው ላይ ቀይ ይቀባል፤ ቀበቶው መጀመሪያ ወደዚያ ይሮጣል። መካከለኛው ቢጫ ነው። ምንም ያልተገኘበት ነጭ ሆኖ ይቀራል። ነጩስ ምን ይደረግበታል ብዬ አልጠየቅኩም። ሁሉን አውቃለሁ የሚል ሰው መቼ ይጠይቃል?

ተራው የእኛ ደጅ ደረሰ። እዚህ ላይ ነው ወንድምሽ ወንድምሽን የሆነው። ዋዜማውን ከቤት ቤት እየዞርኩ «ነገ ባለሙያዎቹ በደጃችን ይወርዳሉ፤ ስለ ሰፈራችን ስናገር አፌ ደርቋል፤ አሳፍራችሁኝ ወዮላችሁ!» አልኩ። ሰፈራችንን ታውቂዋለሽ፤ እንግዳ ይመጣል ከተባለ የጎረቤቱን በር ሳይቀር ያጥባል። ልብስ አጣቢዋ ቀሚሷን ሸብ አድርጋ ግንባር ቀደም ወጣች። አናጢው መጋዙን አስቀምጦ ማጭድ ያዘ። ሸምበቆው ከሥሩ ታጨደ፣ ተከመረ፣ ተቃጠለ፣ አመዱም ተጠረገ። ውሃ የሚያቁሩት ጎድጓዳዎች በአሸዋ ተደፈኑ። ከድንጋዩ ሥር ያለው ጉድጓድ በጭስ ታፈነ፤ ውስጡ የነበረችው እባብ ወጥታ የት እንደገባች አላየንም። እንቁላል የሚሰርቀን አርጃኖ እንኳ በሆታ ተባርሮ ዞር ብሎ ሳያይ ወንዙን ተሻገረ። ሲመሽ ደጃችን እንደ ተላጨ ራስ ያበራ ነበር። እማዬ ብቻ ባልዲዋን ይዛ ቆማ «ደግሞ ይሄን ሁሉ ማን አዘዛችሁ? የሚመጡት እንቁራሪት ሊያዩ አይደለም ወይ?» አለች። ማን ይሰማታል! «እማዬ፣ አንቺ ሳይንስ አታውቂም» አልኳት። አዎ፣ እንዲያ አልኳት።

በማግስቱ እሜቴ ከጀልባዬ ወርደው ቆሙና ግራ ቀኝ አዩ። «እዚህ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። እታለም፣ እንቅልፍ የነሣችኝ ይህች ጥያቄ ናት። «ሁልጊዜ!» አልኩ። «ዓይኔን ግንባር ያድርገው! እኛ ሰፈር እባብ ቀርቶ ትንኝም የምትገባው አስፈቅዳ ነው።» ልብስ አጣቢዋም ከኋላዬ «እውነቱን ነው እሜቴ» አለች። ፀሐይዋ እስክትገባ ተቀምጠው አዳመጡ። ከአናጢው ውሻ በቀር ድምፅ የሚባል የለም። ጻፉ፤ እኛም እጃቸውን እየጨበጥን በደስታ ሸኘናቸው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ የሚባለው ለካ ለእኔ ኖሯል።

ጥቂት ቆይቶ ረቂቁ ካርታ ለነዋሪው ይታያል ተብሎ ዴፖው አዳራሽ ተጠራን። ካርታው ግድግዳውን ሞልቶታል። የዴፖው ኃላፊ ረጅም ዘንግ ይዘው እየጠቆሙ ያስረዳሉ፤ ጨዋ ሰው ናቸው፣ ኮሌታቸው ግን አንገታቸውን ስለያዘው ወደ ጎን ሲያዩ ከነወገባቸው ነው የሚዞሩት። «ነዳጅ ቢፈስ ወደፈለገው እንዲሄድ አንተወውም። በቀበቶው እየመራን ፍጥረት ወደሌለበት ወደ ነጩ ዳርቻ እንገፋዋለን፤ እዚያ ሲጠራቀም በፓምፕ እንመጠዋለን» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም ላጨበጭብ እጄን አንሥቼ ሳለ ዓይኔ ነጩ ቦታ ላይ የተጻፈውን አነበበ። «የልብስ አጣቢዎች መውረጃ» ይላል። ጠጋ ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ጣቴን አስደግፌ ሠለስኩት። የእኛ ደጅ ነው፤ እማዬ ባልዲዋን የምታጠልቅበት ቦታ ነው። ማንበብ ባልማር ኖሮ ከሰው ጋር አጨብጭቤ፣ ስላማረው ካርታ እያወራሁ ቤቴ እገባ ነበር። አሁን ግን እጆቼ እንደተነሡ ቀሩ፤ አጠገቤ የነበረው ሰው «ጥያቄ አለህ?» አለኝ።

እሜቴን ውጭ ላይ ያዝኳቸው። «እንቁራሪቱስ ይሁን፣ ሰውስ? እኛ ከዚያ እየቀዳን አይደለም ወይ የምንጠጣው?» አልኳቸው። ደነገጡ። የሰው ውሃ የሚመለከተው ሌላ ቡድን እንደሆነ፣ በዚያ ቡድን ወረቀት ላይ ደግሞ ሰፈራችን ቧንቧ እንዳለው ነገሩኝ። ቧንቧውማ አለ፤ የሌለው ውሃው ነው። አንቺ እያለሽ እንደተተከለ እስካሁን አንዴ እንኳ ጉሮሮውን አልጠረገም። ይህን ስነግራቸው ለዚያኛው ቡድን አስታውቃለሁ አሉ፤ እነዚያ ግን ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል፣ ካርታው የሚዘጋበት ስብሰባ ደግሞ በሳምንቱ ነው። ያን ጊዜ የሸምበቆውን ነገር መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። ሥራ ፈትታ የማታውቀው ምላሴ እንደ እርጥብ ገመድ ተቋጠረች። ቢያባርሩኝስ? ሰፈሩስ ምን ይለኛል? እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ለጎረቤቶች ስነግራቸው መጀመሪያ ቀልድ መሰላቸው፤ ይህ የእኔ ስም ያመጣብኝ ዕዳ ነው። ልብስ አጣቢዋ የምሬን እንደሆነ ስታውቅ ድንጋይዋ ላይ ተቀመጠች። «ለእንግዳ ብለን ማጽዳታችን ነው ወንጀል የሆነብን?» አለች። አናጢው ግን መላ አያጣም። «እንቁራሪት ነው የጎደለው? እንቁራሪት እናመጣለና! ማዶ ያለው ሸምበቆ ውስጥ እንደ ጉድ ይፈላ የለም?» አለ። እኔ ማንገራገር ስጀምር «ወንድሜ፣ ከራስ በላይ ነፋስ ነው» አለኝ። ጀሪካናችንን አንገቱን ቆርጠን፣ በእኔ ጀልባ ተሻግረን፣ ጭቃ በጭቃ ሆነን ሞልተን መጣን። ደጃችን ላይ ስንለቃቸው የታጨደውን መሬት አዩት፣ እኛንም አዩን፣ ሰፈራችሁን አልወደድነውም ያሉ ይመስል ጥላ ፍለጋ ወደ ቤቶቹ ዘለሉ። አንዷ ልብስ አጣቢዋ የነከረችው አንሶላ ውስጥ ተገኘች። አንዷ የእማዬ ጫማ ውስጥ ገብታለች። እማዬ ጫማዋን ገልብጣ «እንግዳ ስትጠሩ ማረፊያውን አስቡ» አለች። ሁሉንም ስነግራት ጊዜ ሳቋ ጠፋ። «ለመሆኑ ማዶ ያሉት ሰዎች ደጃቸው ቀይ የተቀባው በእነዚህ እንቁራሪቶች አይደለም ወይ? ይዛችሁባቸው ከመጣችሁ ለእነሱ ምን ቀራቸው?» አለች። ጀሪካኑን አንሥቼ የተያዙትን ያህል መልሼ ወሰድኳቸው። አናጢው እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

ጭንቀቴ የባዶ እንዳይመስልሽ ይህንንም ልጨምርልሽ። በዚያው ሰሞን ጠዋት ውሃ ልንቀዳ ስንወርድ ከዴፖው በኩል ቀስተ ደመና የመሰለ ስስ ነገር ውሃው ላይ እየተንሸራተተ መጣ። ያምራል። እውነቴን ነው፣ መልኩ ያምራል። እማዬ በእጇ ጨለፍ አድርጋ አሸተተችውና እጇን ቀሚሷ ላይ ደጋግማ ጠረገች። የጀልባ ሞተር ያንጠባጠበው ይሁን ሌላ አላወቅንም፤ እስከ ቀትር አልፎ ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን የታየኝ ካርታው ነው። ይህ ጭላፊ ነው፤ የሚገፋልን ግን ሙሉው ነው። ከዚያ ወዲህ መርከብ ጥሩምባ በነፋ ቁጥር ወርጄ ውሃውን አሸታለሁ። ልጆችሽ ውሃ እንደሚወዱ ነግረሽኛል። ትንሿ ከባልዲ ውስጥ አልወጣም ትላለች ብለሽኛል።

እሜቴ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ማጨዱን፣ ማቃጠሉን፣ «ሁልጊዜ» ያልኩትን፣ ጀሪካኑን ሳይቀር። መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ «መሬቱ የተጠረገ መሆኑን አይቼ ነበር። ጠየቅኩህ፤ ስትምልልኝ ጊዜ ተውኩት። መተው አልነበረብኝም» አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻል ነበር። ከስብሰባው በፊት አንድ ምሽት መጥተው ደግመው ሊያዳምጡ ቃል ገቡ።

ያን ምሽት ሰፈራችንን ብታይው! ሬዲዮ ተዘጋ። ውሾች ታሠሩ። የሚያለቅስ ሕፃን ያለው ሁሉ ጡት አጉርሶ በር ዘጋ። ልብስ አጣቢዋ ባሏ እንዳያንኮራፋ አጠገቡ ቁጭ ብላ ትቀሰቅሰው ነበር። ሰፈራችን ዝም ሲል የሰማሁት በሕይወቴ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ የራሴ ልብ ምት አስደነገጠኝ። እሜቴ ጆሯቸውን አዘነበሉ። ውሃው ድንጋዩን ይልሳል፣ ሌላ ምንም የለም። በዚህ መሐል ከአናጢው ሱቅ ጀርባ ወፍራም «ክሩር፣ ክሩር» የሚል ድምፅ ተነሣ። ሁላችንም እስትንፋሳችንን ያዝን። እሜቴ ራሳቸውን ቀና ሳያደርጉ «ይሄኛው ዝርያ መጋዝ ይይዛል» አሉ። ሰፈሩ በሳቅ ፈነዳ፤ እኔም ሳቅኩ። ከሳቁ በኋላ እንደገና አዳመጡ። ከእውነተኞቹ አንድም አልመጣም። ሲነሡ «ያልሰማሁትን ሰማሁ ብዬ አልጽፍም። በሰው እጅ መታጨዱን ግን እጽፋለሁ» አሉኝ።

ስብሰባው ላይ እንዳሉት አደረጉ። ይህ ቦታ ባዶ ሳይሆን ባዶ የተደረገ ነው፣ ሸምበቆው ተመልሶ እስኪያድግና ዝናቡ እስኪያበቃ ተጠብቆ እንደገና ይታይ፤ ሰዎችም ከዚያ ይጠጣሉ አሉ። የዴፖው ኃላፊ ከነወገባቸው ወደ እኔ ዞሩ። ጀልባዬን፣ ወሬዬን፣ ሁሉን ያውቃሉ። «ጥሩ፤ እንግዲያው ወደ የት ልግፋው? መሰብሰቢያ ካልመረጥን ነዳጁ ራሱ ይመርጣል። አንተ የዚህን ወንዝ ዳርቻ እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ ስትል ሰምቻለሁ። ማንንም የማይጎዳ አንድ ቦታ አሳየኝ» አሉ። ፌዝ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁት። ተነሣሁ። ካርታውን ከላይ እስከ ታች በዓይኔ ወረድኩት። እዚህ የኤሊ እንቁላል አለ። እዚያ የአሣ አጥማጆቹ ቤት ነው። ከዚያ ዝቅ ሲል ሸምበቆው፣ ከሸምበቆው አልፎ የሌላ ሰፈር ባልዲ። አዳራሹ ሙሉ ይጠብቀኛል። «አላውቅም» አልኩና ተቀመጥኩ። ይህን ቃል በሰው ፊት ተናግሬው የማውቅ አይመስለኝም። ቀላል ቃል አይደለም እታለም፤ ጉልበት ይጨርሳል።

የተወሰነው እንዲህ ነው። የእኛ ደጅ ከነጭነቱ አልወጣም፤ ግን በቀለም አልታተመም፣ በእርሳስ ነው የተከበበው። ዝናቡ እስኪያልቅ ሌላ ቦታ ከተገኘ ይፋቃል፤ ካልተገኘ ይደምቃል። እስከዚያው አንድ ነገር ቢፈስ ኃላፊው ወደ የት እንደሚገፉት ጠይቄያቸው «በእርሳስም ቢሆን ያለኝ ካርታ ይሄው ነው» ብለውኛል። እሜቴ ከሥራ አላባረሩኝም። አሁን የምቀዝፈው ያንን ቦታ ፍለጋ ነው። በየቀኑ እንወጣለን፤ በደረስንበት ሁሉ ወይ ዱካ እናገኛለን ወይ ልብስ የሚያጥብ ሰው። ትናንት አንድ ባዶ የመሰለ ዳርቻ አግኝተን ልቤ ዘለለ። እሜቴ ጎንበስ ብለው አሸዋውን ገለጥ ሲያደርጉት ኤሊ የቀበረችው ነጭ እንቁላል ወጣ። መልሰው ሸፈኑት። በመልስ መንገድ አንዳችንም አልተናገርንም፤ እንቁራሪት ስለምናዳምጥ አልነበረም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ዛሬ ለእማዬ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ባላነብላት አታውቅም ነበር፤ አጥፌ እልከው ነበር፤ ግን በዚህ እጅ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ እሷን የደበቀ እንዲሆን አልፈለግኩም። እስከ ጫፉ ሰማችኝ። ስጨርስ «እኔ ያልኩህስ የታለ?» አለች። ከጅምሩ «ቶሎ ነይ በላት» ብላኝ ነበራ። እኔ ሌላ ነገር ልጽፍ እንዳሰብኩ ነገርኳት። ጉልበቷን እያሻሸች ወደ ውስጠኛው ክፍል በር ስታይ ቆየች። አልተቆጣችም። «ሁለቱንም ጻፈው። የእኔን ከላይ አድርገው፣ ያንተን ከሥር። ትልቅ ሰው ናት፣ ልጆች አሏት፣ ትምረጥ» አለች።

እንግዲህ ከእማዬ፦ ክፍሉ ተለስኖ ደርቋል፤ ዓይኔ ሳይፈዝ ነይ።

ከእኔ፦ ቤቱን አትልቀቂ።

ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አጎትህ ደብዳቤ ይጽፋል፣ ካላመንክ ራስህ አንብበው በይው። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን ልብስ ሰፊዋን እንደምን ሰነበትሽ በያት። አከራይሽን ሴትዮ እጅ ነሥቻለሁ፤ በሩን ቀስ አድርገሽ ዝጊላት፣ በዚህ ጊዜ ባታስቀይሚያት ይሻላል። ከዚህ ልብስ አጣቢዋ ሰላም ብላሻለች፤ እጇ ሳሙና ስለሆነ በሩቁ ነው። አናጢውም ቢያኮርፈኝ ለአንቺ ሰላምታ አልከለከለም፤ የእሱ የተለመደ ረጅም ሰላምታ እንደሆነ ቁጠሪው። እማዬ እጇን እዚህ ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ነበር፤ ጥጉ ላይ የምታይው የኖራ ምልክት የእሷ ጣት ነው።

ወንድምሽ

ከእማዬ ቤት፣ ከውሃው ዳር
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ በገባ በሁለተኛው ሳምንት